አንባቢ የሌለበት ቤት

ሥራዬ ፊደል መፋቅ ነው። በከተማችን የእይታ ብክለት መከላከያ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንሰለፋለን፣ የቀኑ መንገድ ይነገረናል፣ መፋቂያችንን፣ ጓንታችንንና የማሟሟቻውን ጀሪካን ይዘን እንበተናለን። ግድግዳ ላይ ያለውን ቆመን እንፍቃለን። ታፔላ ከሆነ አውርደን መሬት ላይ አስተኝተን ነው። “ዘመናይ ልብስ ስፌት” የሚለውን ፍቀን ስንነሳ ልብስ ሰፊው ያው ልብስ ሰፊ ነው፤ በሩ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ መሣሪያ፣ ነጥብ የምንላት፣ ለሚያልፈው ሁሉ ማን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ በጆሮው ትነግረዋለች። ፊደሉ ለማንም አያስፈልግም። እንደ መመሪያው ከሆነ ዓይን ያደክማል።

ስሜ ሽመክት ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እሱንም አልጨረስኩትም። እዚህ የማወራው የሆነውን ነው እንጂ የተሰማኝን አይደለም። የተሰማኝን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጆሮ ውስጥ የምትገባው መሣሪያ በመመሪያው ላይ የንባብ ድጋፍ መሣሪያ ትባላለች። ስታያት የተቆላ ገብስ ስለምትመስል ሰው ሁሉ ቆሎ ይላታል። ፊትህን ወደ ጽሑፍ ወይም ወደ ነጥብ ካዞርክ ታነብልሃለች። ለድሃ ልጆች በድጋፍ ነው የምትሰጠው፤ በዚህ የተነሳ የላይኛው ሰፈር ልጆች የኛን ልጆች የቆሎ ተማሪ ይሏቸዋል። ድሮ የቆሎ ተማሪ ማለት ደጅ ለደጅ እየለመነ ፊደል የሚቆጥር ነበር አሉ። የአሁኑ ሳይለምን ይበላል። የቀረው ፊደሉ ነው።

ላይኛው ሰፈር ሄደን አንፍቅም። እዚያ ፊደል ቅርስ ነው ተብሎ ተፈቅዷል። የጥርስ ሐኪሙ ስም በናስ ተቀርጿል፤ የግቢዎቹ በር ላይ የባለቤቱ ስም ከነአያቱ ተጽፏል። ልጆቻቸው ቆሎ አያደርጉም፣ ጆሮ ያበላሻል ይላሉ። ከሰዓት በኋላ አስተማሪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አንዲት እናት ልጇን የአጥር ስም ስታስነብበው አየሁ። ልጁ ሲሳሳት ሳቀች፣ ከዚያ ግንባሩን ሳመችው። እኔ በተሳሳትኩ ጊዜ ማን እንደሳመኝ አስቤ አስቤ አጣሁ።

እኛ የምንኖረው ሰንበሌጥ ሜዳ ነው። ቤቴን የሠራሁት በታፔላ ነው። የተፋቀ ቆርቆሮ ለሠራተኛ ይሰጣል፣ ግን አንዳንዱን ሳልፍቀው ወስጃለሁ። ይህ ስርቆት ነው፣ አልክድም። ተቆጣጣሪ እንዳያየው ፊደሉን ወደ ውስጥ አዙሬ መታሁት። ስለዚህ ቤታችን ከውጭ ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ከውስጥ ግን ከተማው በሙሉ አለ። ከምድጃው በላይ “ጎሚስታ”፣ ከበሩ ጎን “ፎቶ ኮፒና ሌሚኔሽን”፣ ከልብስ ሳጥኑ በላይ “የሠርግ ኬክ በትእዛዝ እንሠራለን”። ከአልጋችን ራስጌ ደግሞ “እዚህ ቦታ መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው”። ባለቤቴ እቴነሽ ማንበብ አትችልም፤ ቀዩ ቀለም ቤቱን ያሞቀዋል ብላ እሱን ራስጌያችን ያስደረገችው እሷ ናት።

ልጃችን ኤልዳና ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን እናቷ ሽሮ ስታማስል “እማዬ፣ ጎሚስታ ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀቻት። ቆሎዋ ጆሮዋ ውስጥ አልነበረችም፤ ልትታጠብ ብላ አውልቃታለች። እቴነሽ ማማሰያውን እንደያዘች ሄዳ በሩን ዘጋች። ማታ ስገባ የነገረችኝ የሰው ነውር እንደሚነገረው በሹክሹክታ ነበር።

የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ድጋፉ የሚሰጠው ማንበብ ለማይችል ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ “በክብር ይሰናበታል”፤ እንዲህ ነው የሚባለው። አጠገባችን ያሉት የወይዘሮ ጽጌማርያም ልጅ ሚልክያስ ዓምና በክብር ተሰናበተ። ተጨበጨበለት፣ ማዕረግ ያለው ወረቀት ተሰጠው፣ ቆሎውን ከጆሮው አውጥተው ተቀበሉት። ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄድ በሩ አልተከፈተለትም፤ በሩ የሚያውቀው ቆሎ ነው። ቢገባም ትምህርቱ የሚሰጠው በጆሮ ነው። አርባ ልጅ አፉን ዘግቶ ግድግዳ እያየ ይማራል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቆሎዋ “ምሳ” ስትል አርባውም አንድ ላይ ይነሳል። ሚልክያስ አሁን ብሎኬት ይሸከማል። እናቱ ያንን ማዕረግ ያለው ወረቀት እንዳይቀደድ ፍራሽ ሥር አድርገውታል። ምን እንደሚል አንድ ቀን ጠይቀውት ደክሞኛል አላቸው።

እንግዲህ ኤልዳና ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከቤታችን እዚያ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያዋ ናት። ምሳዋን የምትበላው እዚያ ነው፣ ከምሳዋ እየቆጠበች ለእናቷም ዳቦ ታመጣለች። ማንበብ መቻሏ ከታወቀ ትምህርቱም ምሳውም በአንድ ቀን ይቀራል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

እስከ ዓምና ድረስ ፍተሻው ቀላል ነበር። ወረቀት ያሳዩሃል፣ ምን ይላል ይሉሃል፣ አላውቅም ትላለህ፣ ድጋፉ ይቀጥላል። ኤልዳና አላውቅም ማለትን በአራት ዓመት ውስጥ አሳምራ ተምራለች። ዘንድሮ ግን ዓይን የምታይ መሣሪያ መጣች። በየካቲት ወላጆችን ሰብስበው አስረዱን፦ ማንበብ የሚችል ሰው ፊደል እያየ አለማንበብ አይችልም፣ ዓይኑ በራሱ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ ማንም ድጋፍ የማይገባው ሰው የድሃውን ድርሻ አይወስድም። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ያሉት እውነት ነው። እስቲ ይህን መስመር ሳታነቡት እዩት።

ልጄን አለማንበብ ማስተማር የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔና እሷ “ፎቶ ኮፒና ሌሚኔሽን” ፊት ለፊት ዱካ ላይ እንቀመጣለን። እኔ ዓይኗን አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ገና ቀና ስትል ዓይኗ ከ“ፎ” ተነስቶ “ን” ላይ ያርፋል፤ እኔም ጉልበቷን በጣቴ ነካ አደርጋለሁ። ሳላነበው አለፈ ትለኛለች። አንብበሽዋል እላታለሁ። “አባዬ፣ ስሜን ሲጠሩኝ እንዴት አልሰማም?” አለችኝ አንድ ጊዜ። እንደገና ቀና በይ አልኳት።

ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት እንደሚያይ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በዚህ ጉዳይ ሊቅ ነኝ። ማንበብ የማይችል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሥዕሉን ነው። ሥዕል ከሌለ ማህተሙን። ከዚያ ትልቁን ፊደል ያይና ይተወዋል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፊርማ ያያል። በመጨረሻ ወረቀቱን ትቶ የሚያነብለትን ሰው አፍ ያያል። አፉን ነው የሚያየው፤ ክፉ ነገር ሊወጣ ይሁን ደግ፣ ከዚያ ነው የሚጠብቀው። እኔ የሆስፒታል ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የአባቴን የቀብር ወረቀት እንደዚያ ነው ያየሁት። ይህን ሁሉ አስተማርኳት። ወረቀቱን የምታነቢ ቢመስልሽ አፌን እዪ አልኳት።

ሁለት ወር ፈጀባት። ሦስተኛው ወር ላይ የራሷን ዘዴ አገኘች፦ የፊደሎቹን እግር ትቆጥራለች። ስንት እግር ወደ ታች ወረደ እያለች ስታይ ድምፃቸው ይጠፋል አለችኝ። በሚያዝያ መጨረሻ “ጎሚስታ”ን ስታይ ዓይኗ የላም ዓይን ሆነ። እቴነሽ ከምድጃው ዳር ሆና ይህን አይታ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። እኔ ኩራት ተሰማኝ። አልደብቅም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ አለዚያ የቀረው አይገባም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን ለአምስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ነበር። የሚይዘው የክፍሉ አለቃ አቤኔዘር ነው፤ አባቱ ቀበሌ ይሠራ ነበር፣ ልጁም ንጹሕ ሹራብ ነበረው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ሦስቱ በግራና በቀኙ ይጠጉታል፣ እኔ ቦታ ስለሌለ ከፊት ለፊቱ እቆማለሁ። ዓመቱን ሙሉ መጽሐፉን ያየሁት ከራስጌው ነው። “ለ” ለኔ ሁለት እግሯን ወደ ሰማይ የሰቀለች ፍጥረት ናት። እንደዚያው አድርጌ ለየኋቸው፣ አንድ በአንድ። ከዚያ አንድ ቀን ቲቸር ንጋቱ መጽሐፉን ከአቤኔዘር ተቀብሎ ሰጠኝና ተነስተህ አንብብ አለኝ። መጽሐፍ ለብቻዬ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። እንደማውቀው አድርጌ ያዝኩት። የመጀመሪያውን መስመር በትክክል አነበብኩ። ሁለተኛውን ስጀምር አቤኔዘር “ቲቸር፣ ዘቅዝቆ ነው የያዘው” አለ። ስልሳ ልጅ ሳቀ። ቲቸር ንጋቱ ከልጆቹ እኩል ሳቀና፣ በቃልህ ሸምድደህ ልታሞኘኝ ነው ብሎ በማስመሪያ መዳፌን መታኝ።

አልሸመደድኩም። እያነበብኩ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ የነገርኩት ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ዝቅዝቅ ሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ተውኩት፣ ዝቅዝቅ የሚለው ስም ግን አልተወኝም።

ፊደል ፋቂ ስሆን ደግሞ እንዲህ ሆነ። መፋቂያ የሚይዘው ወደ ራስህ ስትስበው ነው፤ ቀለሙ የተቀባው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ከራስጌው ተንበርክከህ ሽቅብ ስትስበው እንደ ልጣጭ ይነሳል። ስለዚህ ፋቂ ሁሉ ከታፔላው ራስጌ ነው የሚንበረከከው። ፊደሉ እንደ ድሮው እግሩን ሰቅሎ መጣልኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ቻልኩ፣ ተዘቅዝቆ ከሆነ። ቀጥ ብሎ ሲመጣ እስከ አሁን እንገዳገዳለሁ። ኤልዳና ፊደል የለየችው በዚህ ነው፦ እኔ ከታፔላው ራስጌ፣ እሷ ከግርጌው፣ ከመለጠፉ በፊት መሬት ላይ ተኝቶ። ሌሎች ፊደልን እየጻፉ ይማሩታል። እኔ እያጠፋሁ ተማርኩት።

ፍተሻው ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን፣ ጠዋት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ወላጅ ከልጁ ጋር ይቀርባል። እቴነሽ ጠዋት ስንወጣ ነጠላዬን እያስተካከለችልኝ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ አንተ ምንም አትናገር፣ ልጅቷ ትጨርሰዋለች። እሺ አልኳት።

ጠረጴዛው ጋ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ መሣሪያዋን የምትይዝ ወጣት ሠራተኛ ናት። ሌላው የድጋፍ ቢሮው ኃላፊ ነው። ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ሹራቡ ግን ያው ንጹሕ ነው። አቤኔዘር መሆኑን ከበር ላይ ሆኜ አወቅሁት። እሱ አላወቀኝም። እንደኔ ያለ ሰው አቀርቅሮ ስለሚገባ ፊቱ ቶሎ አይታይም።

ኤልዳናን አስቀመጧት። ፊት ለፊቷ ጽሑፍ መጣ፣ ከጎኑ የፍየል ሥዕል አለው። ሥዕሉን አየች። ትልቁን ፊደል አየች፣ ተወችው። ወደ ታች ወረደች። ከዚያ ወጣቷን ቀና ብላ አፏን አየች። ልክ እንደ አባቴ ነበር፤ ያኔ የመሬት ወረቀት ሲያነቡለት እንደዚያ ነበር ያየው። መሣሪያዋ ጥቂት ቆይታ “ማንበብ የማትችል” አለች፣ ወጣቷም “ጎበዝ” አለቻት። ሰው ለዚህ ጎበዝ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ኤልዳና ወደኔ አላየችም፣ ግን እጇ ቀሚሷን ለቀቀ።

ልንነሳ ስንል ወጣቷ ዘንድሮ አዲስ መመሪያ አለ አለችን። ልጁ ብቻ ሳይሆን ወላጁም ይታያል፤ በቤቱ ውስጥ አንባቢ ካለ ቤቱ ድጋፍ አያስፈልገውም። እኔ እንድቀመጥ ወንበሩን አሳየችኝ። ይህን ማንም አልነገረንም ነበር። ልጄን ሦስት ወር ሙሉ ሳሰለጥን ለራሴ ዓይን አንድ ቀን አላሰብኩለትም።

ያዳነኝ አቤኔዘር ነው። ስሜን ሲሰማ ከወረቀቱ ቀና አለ።

“ሽመክት? ዝቅዝቅ? አንተ፣ በሕይወት አለህ እንዴ?” ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞረ። “ሦስተኛ ክፍል አብረን ነበርን። መጽሐፍ ዘቅዝቆ ይዞ ሲያነበንብልን በሳቅ ልንሞት። እሱን መሣሪያው ላይ ማስቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው፣ እኔ ምስክር እሆናለሁ። አይደል እንዴ ሽሜ?”

“ልክ ነህ” አልኩት።

በቅንነት ነው ያለው። ይህን መናገር አለብኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ልጅቷ አንተን አትመስልም፣ ጨዋ ናት አለኝ። ከዚያ ቅጹን ከፊቱ አድርጎ ሞላ፣ ከግርጌው ባዶ ቦታ አሳየኝና ጣትህን እዚህ አድርግ አለኝ። ወረቀቱ ወደሱ ዞሮ ነበር። እኔ ከፊት ለፊቱ፣ እሱ መጽሐፉ ላይ። ልክ እንደ ድሮው ነበር የተቀመጥነው፣ የቀሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው የሌሉት።

ቀለሙን ጣቴ ላይ ቀቡኝ። ጣቴን ዘረጋሁ። ከዚያ አፌ ተናገረ፣ ከፍ ብሎም አልነበረም፦

“‘እኔ ከዚህ በላይ ስሜ የተጠቀሰው ወላጅ፣ ማንበብና መጻፍ የማልችል መሆኔን፣ በቤቴም አንባቢ የሌለ መሆኑን፣ ይህም ተነብቦልኝ የተረዳሁት መሆኑን በጣቴ አረጋግጣለሁ’ ይላል። አልተነበበልኝም ግን።”

ወጣቷ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን። አቤኔዘር ሳቀ።

“በቃሉ ነው” አላት። “ከፊቱ ለነበሩት ሲነበብ ሰምቶ ሸምድዶት ነው። ድሮም እንዲህ ነበር፣ አልነገርኩሽም?”

ከኛ በፊት ለማንም ቅጽ አልተነበበም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ግን ኃላፊዋ ተናግሯል፣ ስለዚህ እሺ ብላ ወደ መሣሪያዋ ዞረች። ነገሩ አልፎ ነበር። ጣቴን አሳርፌ መነሳት ብቻ ነው የቀረኝ። ኤልዳናን አየኋት። አፌን ነበር የምታየው። እንዳስተማርኳት። ሌላ ሰው ቢያያት ምንም ያልገባት ልጅ ናት፤ እኔ ግን ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ምን እንደምትለኝ ገባኝ። ክፉ ነገር እንዳይወጣ ነበር የምትጠብቀው።

ከቅጹ ሥር ሌላ ወረቀት ነበር፣ ጫፉ የወጣ። የአቤኔዘር የራሱ ነው፣ ለበላይ የሚላክ። እሱንም ማንም አንብቦልኝ አያውቅም።

“‘በዘመኑ በወረዳችን የንባብ ተደራሽነት መቶ በመቶ ደርሷል’” አልኩ። “‘ከድጋፍ ተጠቃሚ ቤቶች መካከል ማንበብ የሚችል አንድም ሰው አልተገኘም። ለተገኘው ውጤት የቢሮው ኃላፊ አቶ አቤኔዘር’ ... የቀረው በእጅህ ተሸፍኗል። እጅህን ብታነሳልኝ።”

እጁን አላነሳም። ወጣቷ ግን ወንበሯን ወደኔ አዙራ መሣሪያዋን አቀረበችልኝ። ሌላ ጽሑፍ መጣ፣ ቀጥ ብሎ። መገልበጥ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ገለበጠችልኝ። ዓይኔ ሄደ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማንም አልያዘውም። መሣሪያዋ “አንባቢ” አለች። ይህን ቃል ስለኔ ሲባል ለመስማት አርባ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ የተናገረችው ደግሞ የማትስቅ ነገር ናት። አቤኔዘር ፊቱ ቀላ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ መመሪያ ነው፣ ምን ላድርግ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ማድረግ የሚችለውን ቀድሞ አድርጎልኝ ነበር።

ወደ ቤት በእግር ተመለስን። ኤልዳና ከፊቴ ትሄዳለች። የፋቅኋቸውን ግድግዳዎች እያለፍን ብሎኬት ማምረቻው ጋ ስንደርስ ቆመች። ሚልክያስ እዚያ ውስጥ ነበር፣ አቧራ ለብሶ፤ ሰላም አላለንም፣ ወይም አላወቀንም።

“እኔ ሦስት ወር ዓይኔን ያዝኩ” አለችኝ። “አንዴ ሲያመልጥህ እሺ፣ እሱ ራሱ አወጣህ። ሁለተኛውን ምን አስነበበህ?”

“በቃሌ አልነበረም” አልኳት።

“እኔ አውቃለሁ እኮ በቃልህ አለመሆኑን። እነሱ ቢያውቁት ምን ያደርግልሃል?”

ሰኞ የት እሄዳለሁ ብላ ጠየቀችኝ። ይህንንም በቃሌ አላውቀውም ነበር። እሷ መንገዷን ቀጠለች።

እቴነሽ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቆሎዋን ከልጅቷ ጆሮ ተቀብላ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ቀፎውን “የሠርግ ኬክ በትእዛዝ እንሠራለን” ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ ለአራት ቀን ከኔ ጋር የተነጋገረችው እራት ቀርቧል በማለት ብቻ ነው። ሰኞ ኤልዳና ቆሎዋን መልሳ አድርጋ በሩ ይከፈት እንደሆነ ልትሞክር ሄደች። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። ሥራ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ያን ቀን “ትምህርት ቤት፣ ፍጥነት ይቀንሱ” የሚል የመንገድ ታፔላ ነበር ደርሶኝ። በደንብ ፋቅሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቢሮው ዘበኛ ደብዳቤ አመጣልን። የወረቀት ደብዳቤ፣ በፖስታ። ድጋፍ ለሌለው ቤት በቆሎዋ በኩል መናገር አይፈቀድም፣ በጽሑፍ ነው የሚነገረው። በሕይወቴ ለኔ ተብሎ የተጻፈ፣ ማንም ያላነበበልኝ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። እኔ ልከፍተው ስል ኤልዳና ከእጄ ወሰደችው። ከፍተሻው ወዲህ ከእጄ ነገር ስትቀበል የመጀመሪያዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ወደሷ ዞሮ። እኔ ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ማናችንም ማዞር አላስፈለገንም።

እንዲህ ይላል።

“ለአቶ ሽመክት ቤተሰብ። እንኳን ደስ አላችሁ። ቤታችሁ በራሱ ማንበብ የሚችል ሆኖ ስለተገኘ ከድጋፍ በክብር ተሰናብቷል። ላሳያችሁት ትጋት ቢሮው ምስጋናውን ያቀርባል። ተማሪ ኤልዳና ሽመክት የያዘችውን መሣሪያ በሦስት ቀን ውስጥ እንድትመልስ። ይህን ደብዳቤ ማንበብ ያልቻለ ቤት በአቅራቢያው ወደሚገኘው የድጋፍ ቢሮ ቀርቦ ማመልከት ይችላል።”

ኤልዳና ጮክ ብላ ነበር ያነበበችው። በዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የመጀመሪያው ነው፤ በሩም ክፍት ነበር። የመጨረሻውን ስትሰማ እቴነሽ ከምድጃው ዳር ተነሳች።

“ታዲያ እንሂዳ” አለች። “ማንበብ አልቻልንም ብለን እናመልክት።”

“እማዬ፣ ማንበብ ካልቻልን ማመልከት እንደሚቻል ማን ነገረን?”

እቴነሽ አሰበች። ብዙ አሰበች። ከዚያ የሆነ ድምፅ ከአፍንጫዋ ወጣ፤ ልቅሶ መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው። ኤልዳናም ያዛት። እኔ መሳቅ ስላልተፈቀደልኝ ወረቀቱን ማየት ቀጠልኩ፣ ማህተሙን፣ ከዚያ ፊርማውን። ልማድ ነው።

“እንደገና እናንብበው” አለች ኤልዳና። ለማን እንዳለችው አልገባኝም ነበር፣ እስክትጀምር ድረስ። በዝግታ ነበር። አንድ መስመር ትጨርስና ዓይኗን ከወረቀቱ አንስታ ትጠብቃለች፣ እኔ ከዚያኛው ወገን እስክደርስ። አልቸኮለችብኝም፣ አልረዳችኝምም። አልማረችኝም ገና፤ ይህም ይታወቀኛል።

ሦስተኛው መስመር ላይ እቴነሽ ዱካዋን ጎትታ ከጠረጴዛው ጎን ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ የልጅቷን አፍ፣ ከዚያ እንደገና ወረቀቱን።

“ለኔ በጎኑ ነው የሚታየኝ” አለች።

“ግድ የለም” አለቻት ልጅቷ። “በጎኑም ይነበባል። ይቺ ‘እ’ ናት።”

አንድ ወረቀት ለሦስት ሰው። በኛ ጊዜ ለአምስት ነበር።